ዳቦ በኖርዌይኛ የጠየቀችኝ ልጄ

በስደት ዓለም ሁለት ኢትዮጵያውያን ወላጆች ቡና ላይ ከተገናኙ ወሬው ከአገር ቤት ፖለቲካ ይጀምራል፣ በቤት ኪራይ በኩል ያልፋል፣ መጨረሻው ግን ያው ነው። «ለመሆኑ ልጆቹ አማርኛ ይናገራሉ?» ይባላል። አንዱ «ይሰማሉ፣ ግን አይመልሱም» ይላል። ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ጥፋተኛው ይፈለጋል። ቴሌቪዥኑ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ነው፣ የሁለት ፈረቃ ሥራው ነው ሲባል ቆይቶ ፍርድ ሳይሰጥ ቡናው በረካ ላይ ይደርሳል። ሁሉም ልጁን በእንግሊዝኛ ጠርቶ፣ ጫማህን አድርግ ብሎት በእንግሊዝኛ፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እኔ በዚህ ጽሑፌ ጥፋተኛ ፍለጋ አልገባም። በአንድ የወጣቶች የቋንቋ ካምፕ ወጥ ቤት ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተወው።

አገር ቤት ሳለሁ ሙያዬ ጋዜጠኝነት ነበር። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት ኖርዌይ ውስጥ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ለቤት ኪራይ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ሌሊት ሌሊት በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ እሠራ ስለነበር ኖርዌይኛን ከሽማግሌዎችና ከአሮጊቶች አፍ ለቀምኩት። ኑሮ ገፍቶ ገፍቶ ሚኒሶታ ሲያመጣኝ ግን ይህ ቋንቋ እዚህ ምን ይረባኛል ብዬ ከድሮ ካፖርቴ ጋር ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥኩት መስሎኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ወዳጄ፣ በሰሜን ሚኒሶታ ለሚገኝ የልጆች ካምፕ ኖርዌይኛ የሚችል የወጥ ቤት ረዳት እንደሚፈለግ ነገረኝ። ሥራው አራት ሳምንት ነው፤ በእነሱ በጋ፣ የእኛ አገር ክረምት ዶፉን በሚያወርድበት በሐምሌ። አመለከትኩ፣ ተቀበሉኝ። ወዳጄ ሳቀብኝ። «የአበሻ ልጅ ለአሜሪካን ልጆች ኖርዌይኛ ሊያስተምር!» አለ። «ኧረ እኔስ ድንች ልልጥ ነው» አልኩት። በኋላ እንዳየሁት ግን በዚያ ካምፕ ድንች መላጥና ቋንቋ ማስተማር አንድ ሥራ ናቸው።

ካምፑ የኮንኮርዲያ የቋንቋ መንደሮች ከሚባሉት አንዱ ነው። በሚኒሶታ ሙርሄድ ከተማ ያለው ኮንኮርዲያ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1961 ለልጆች የጀርመንኛ ካምፕ ከፈተ። በ1962 ፈረንሳይኛ፣ በ1963 ኖርዌይኛና ስፓኒሽ፣ በ1966 ሩስኛ ተከተሉ። ዓረብኛ በ2006 ተጨመረ። እኔ በነበርኩበት በጋ ቋንቋዎቹ ከደርዘን በላይ ነበሩ፤ አማርኛ ግን ከመካከላቸው አልነበረም። በርካታ መንደሮች የሚገኙት ቤሚጂ በምትባለው ከተማ አቅራቢያ፣ በጥድ ጫካ መካከል ባለ ሐይቅ ዳር ነው። ስሞቻቸውም ያንኑ ይናገራሉ። የጀርመኖቹ ዋልድዜ፣ የፈረንሳዮቹ ላክ ዱ ቧ፣ የሩሲያዎቹ ሌስኖዬ ኦዜሮ ሁሉም በየቋንቋቸው የጫካ ሐይቅ ማለት ነው። የኖርዌዮቹ ስኩግፊዮርደን የጫካው ፊዮርድ ማለት ነው። ፊዮርድ ማለት በተራሮች መካከል ወደ የብስ የገባ የባሕር ሰርጥ ነው። ሚኒሶታ ባሕር የላትም፤ ግን ለስም ማን ይከለክላል?

ልጆቹ ከወላጆቻቸው ተሰናብተው ሲገቡ መጀመሪያ የሚያገኙት የድንበር ጠባቂ ነው። ወረቀት ፓስፖርት ይሰጣቸዋል፣ ማኅተም ይመታበታል። ዶላራቸውን ባንክ ወስደው በኖርዌይ ክሮነር ይመነዝራሉ፤ ከረሜላ የሚገዙት በእሱ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጽሐፍ፣ ስልክና ሙዚቃ ጉምሩክ ይይዘውና ሲወጡ ይመልስላቸዋል። ከዚያ አዲስ ስም ይመርጣሉ፤ ስሙ በትንሽ እንጨት ላይ ተጽፎ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ሠራተኞችም እንደዚሁ። እኔ ኡላ ተባልኩ። አያቴ ሰምተው ቢሆን ኖሮ ዳግመኛ ያስጠምቁኝ ነበር።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚፈለገው ነገር ሁሉ በኖርዌይኛ ነው። እንግሊዝኛ የተናገረ ልጅ አይቀጣም፣ አይገሠጽም። እንዲያው ነገሩ አይሄድለትም። ወተት የሚያድለው ሰው ፈገግ ብሎ ያያታል፣ ወተቱን ከፍ አድርጎ ያሳያታል፣ ቃሉን ቀስ ብሎ ይነግራታል፤ ልጅቱ ቃሉን ደግማ ስትል ብርጭቆው ይሞላል። ምግቡ ከመቅረቡ በፊት ሁለት ወጣቶች ወንበር ላይ ወጥተው የምግቡን ዓይነት በቲያትር ያሳያሉ፤ ድንቹን፣ ዓሣውን፣ ቅቤውን ስም በስም ይጠራሉ። ከተበላ በኋላ «ታክ ፎር ማተን» ይባላል፤ ስለ ምግቡ አመሰግናለሁ ማለት ነው። አንድ ልጅ ይህን ቃል በሁለት ሳምንት ውስጥ አርባ ጊዜ ያህል ይለዋል። አርባ ጊዜ ሆድ ሞልቶ የተባለ ቃል ሰሌዳ ላይ አርባ ጊዜ ከተጻፈ ቃል ጋር አይወዳደርም።

ልጄን በሁለተኛው ሳምንት አስገባኋት። ዋጋው የሚቀመስ ስላልነበረ ከደመወዜ ላይ ተቀናንሶ ነው የገባችው። ያኔ ዐሥር ዓመቷ ነበር። እኔና እናቷ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ የምናናግራት በአማርኛ ነው። ሁሉንም ትሰማለች። ስንቆጣም፣ ስንመርቅም፣ ስለ እሷ በሹክሹክታ ስንማከርም ትሰማለች። የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። እሑድ እሑድ ደሴ ላለችው እናቴ ስልክ ስንደውል ልጄ «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ» ትልና ስልኩን ወደ እኔ ትገፋዋለች። እናቴ ሁልጊዜ «ይህቺ ልጅ ዓይን አፋር ናት መሰለኝ» ትለኛለች። እኔም «አዎ፣ ትንሽ» እላለሁ። ልጄ ዓይን አፋር አይደለችም፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ለመቶ ሰው ንግግር ታደርጋለች።

ልጄ በገባች በአምስተኛው ቀን፣ እራት ላይ፣ ከዳቦው ቅርጫት ኋላ ቆሜ ነበር። ሰልፉ እየቀረበ መጥቶ ተራዋ ደረሰ። አንገቷ ላይ «ሲግሪድ» የሚል እንጨት ተንጠልጥሏል። ቀና ብላ አየችኝና «ካን ያይ ፎ ብሮ?» አለችኝ። ዳቦ ልውሰድ? ማለቷ ነው። ድምፀቷ ልክ ነበር። ያ መጦሪያ ቤት ሳለሁ ለመያዝ ሁለት ዓመት የፈጀብኝን የዜማ ከፍታና ዝቅታ በአምስት ቀን ይዛዋለች። ዳቦውን ሰጠኋት፣ «ታክ» ብላ አለፈች። ከኋላዋ ላለው ልጅ ሁለት ቁራሽ ደራርቤ ሰጠሁት መሰለኝ፤ እጄ የሚሠራውን ልቤ አላየውም ነበር።

ወገኖቼ፣ የተሰማኝ ኩራት ነው ብላችሁ እውነት አይደለም። ቅናት ነው። ከአንድ አገር ቋንቋ ላይ ቅናት! ዐሥር ዓመት ሙሉ በየማለዳው ዳቦ ሳቀርብላት «ዳቦ» የሚለውን ቃል ከአፏ ያልሰማሁት አባት፣ አሁን ልጄ በአባቷ ፊት ቆማ በሦስተኛ ሰው ቋንቋ ዳቦ ለመነችኝ። ኖርዌይ ለእሷ ምኗ ነው? አያት የላት፣ ዘመድ የላት።

ማታ በሐይቁ ዳር ስንሄድ ጠየቅኋት። የካምፑን ሕግ ጥሰን፣ እኔ በአማርኛ እሷ በእንግሊዝኛ ማለት ነው። «አማርኛንስ ለምን እንዲህ አትናገሪልኝም?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና የሰጠችኝን መልስ በአማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፦ «አባዬ፣ አንተ እኮ እንግሊዝኛ ትሰማለህ። እዚህ ግን ካልተናገርኩ ወተት አይመጣም።»

ብዙ ስለ ቋንቋ የተጻፈ ነገር አንብቤአለሁ። ጆሹዋ ፊሽማን የሚባሉት የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ አንድ ቋንቋ የሚተርፈው ከወላጅ ወደ ልጅ በቤት ውስጥ ሲተላለፍ እንደሆነና ትምህርት ቤት ብቻውን ይህን ሸክም ሊሸከም እንደማይችል በሰፊው ይተነትናሉ። ልጄ ግን መጽሐፉን በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨረሰችው። ልጅ ቋንቋን የሚናገረው ቆንጆ ስለሆነ፣ የአባቶቹ ስለሆነ፣ ፊደል ስላለው አይደለም። ያለ እሱ የማይገኝ ነገር ሲኖር ነው።

ይህን እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባ ነበር። ወደ ቤሩት፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ዱባይ የሄዱትን እኅቶቻችንን ተመልከቱ። ማን ዓረብኛ አስተማራቸው? ደብተር የላቸው፣ አስተማሪ የላቸው። ሆኖም ብዙዎቹ በወራት ውስጥ የቤቱን ዕቃ፣ የገበያውን ዋጋ፣ የእመቤቲቱን ቁጣ በዓረብኛ ያውቁታል። ውኃም፣ ደመወዝም፣ የዕረፍት ቀንም የሚጠየቀው በዓረብኛ ነዋ። እስራኤል የገቡት ወገኖቻችንም እንዲሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 85 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከገቡት መካከል ልጆቹ ዕብራይስጡን ፈጥነው ይዘው በሐኪም ቤትና በመሥሪያ ቤት ለወላጆቻቸው አስተርጓሚ ሆነዋል። ችግር ጨካኝ አስተማሪ ነው፤ ካምፑ ያደረገው ጭካኔውን አውጥቶ ትምህርቱን ማስቀረት ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ኖርዌዮቹ ልንገራችሁ። የእነሱ ታሪክ የእኛ የነገ ታሪክ እንዳይሆን ስለምሰጋ ነው።

ከ1825 እስከ 1925 ባሉት መቶ ዓመታት ከ800,000 በላይ ኖርዌዮች ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሰደዋል። ሚኒሶታን፣ አይዋንና ዳኮታዎቹን ሞሏቸው። ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፣ ኮሌጅ ከፈቱ፣ ጋዜጣ አተሙ። ኮንኮርዲያ ኮሌጅን ራሱን የመሠረቱት እነሱ ናቸው። ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የአይዋው ገዥ ዊልያም ሃርዲንግ በግንቦት 1918 ባወጡት አዋጅ በአደባባይ፣ በባቡር፣ በስልክ፣ በቤተ ክርስቲያን ስብከት ሳይቀር ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ እንዳይነገር ከለከሉ። አዋጁ በዋናነት የተነጣጠረው በጀርመንኛ ላይ ቢሆንም ጭሱ ኖርዌይኛንም አፈነው። ይሁን እንጂ አንድን ቋንቋ አዋጅ ብቻ አይገድለውም። የበለጠ የጎዳው ማንም ያላወጀው ነገር ነው፤ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ሲመልሱ ወላጆቹም መስማት መጀመራቸው። የኖርዌይ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ተብሎ ይጠራ የነበረው ትልቁ ቤተ ክርስቲያናቸው እ.ኤ.አ. በ1946 «ኖርዌይ» የሚለውን ቃል ከስሙ ላይ አነሣ።

እንደ ቀድሞ ጋዜጠኛ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። በአይዋ ዴኮራ ከተማ ዴኮራ ፖስተን የሚባል የኖርዌይኛ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1874 ተመሠረተ። በደጉ ዘመኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ደንበኞች ነበሩት። የአገር ቤት ወሬ፣ የሞትና የሠርግ ማስታወቂያ፣ ተከታታይ ልብ ወለድ፣ የሚያስቅ ሥዕል ሁሉ ነበረው። ልክ እንደዚህ እንደያዛችሁት ጋዜጣ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ1972 ተዘጋ። ያዘጋው ሳንሱር አይደለም፣ መንግሥትም አይደለም። አንባቢዎቹ በየተራ ሞተው አለቁ።

ቀኖቹን አስተያዩልኝ። ጋዜጣው በ1972 ሲዘጋ የኖርዌይኛው ካምፕ ከተከፈተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ይህም ማለት አያት የመጨረሻውን ጋዜጣ በመነጽር እያነበበ ሳለ የልጅ ልጅ ጫካ ውስጥ ገንዘብ ከፍሎ፣ የወረቀት ፓስፖርት ይዞ «ዳቦ» ማለትን ይማራል። እኔ ባለሁበት በጋም ከሚኒሶታ እርሻዎች የመጡ፣ የኖርዌይ የቤተሰብ ስም ያላቸው ልጆች ነበሩ። አንዲት እናት ልጇን ልታደርስ መጥታ፣ «አያቴ ይህን ቋንቋ ለእኛ ሳይሆን ለላሞቹ ነበር የሚያወራው» አለችኝ። ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ኖርዌዮቹ የሌለውን አገር ከጣውላና ከወረቀት መሥራት ነበረባቸው። እንግሊዝኛ የማይሰማ ሰው ጠፍቶባቸው፣ እንግሊዝኛ የሚሰሙ ወጣቶችን እየቀጠሩ ያልሰሙ እንዲመስሉ ያደርጋሉ። እኛ ግን በእውነት የማይሰማ ሰው አለን። እናቶቻችን አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2022 ክረምት እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥየቃ መጣች። ያኔ አራት ቤተሰብ ተማከርንና ለአምስት ቀን አንድ ሰፊ ቤት በሐይቅ ዳር ተከራየን። ልጆቹ ዘጠኝ ነበሩ። ከካምፑ የተማርኩትን እንዳለ ገለበጥኩት። ከካርቶን ፓስፖርት ሠራን፣ «ብር» አተምን፣ ስልኩን ሁሉ በአንድ የእንጀራ ሞሰብ ሰብስበን ከደንንበት። አዲስ ስም ግን አላወጣንላቸውም። ያላቸውን ስም አስተማሪዎቻቸው ከሚሰባብሩበት አጠራር አውጥተን በእናቴ አፍ እንዲጠሩ አደረግን። ልጆቹ ስማቸውን እንደ አዲስ ሰሙት።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ ቁልፉን ሁሉ ለእናቴ ሰጠናት። ስኳሩ በእሷ እጅ ነው። የብስክሌቱ ቁልፍ፣ ክብሪቱ፣ የመዋኛው ፎጣ፣ ከረሜላው በእሷ እጅ ነው። እናቴ ማስመሰል አያስፈልጋትም። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ አለቀ። አሜሪካ ከገባች ጀምሮ በዚህ ስታፍር የነበረች ሴት፣ በአምስት ቀን ውስጥ የቤቱ ንግሥት ሆነች።

የመጀመሪያው ቀን ለቅሶ ነበር። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ መኪና ውስጥ ገብቶ ዘግቶ ተቀመጠ። በሁለተኛው ቀን በጣት መጠቆም፣ በዓይን መለመን ተጀመረ፤ እናቴ ግን «ምን ልጄ? ምን የኔ ጌታ?» ብቻ ትላለች። በሦስተኛው ቀን ልጄ መጣችና ጮክ ብላ «እማማ፣ ስኳር ስጠኝ!» አለቻት። እናቴ እስክታለቅስ ሳቀች። «ወንድ አደረግሽኝ እኮ የኔ ዓለም፤ ስጪኝ በይ» አለቻት። ልጄም «ስጪኝ!» አለች። ስኳሩ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ዘጠኙም ቀኑን ሙሉ «ስጪኝ፣ ስጪኝ» ሲሉ ዋሉ። በአራተኛው ቀን ሁለት ወንዶች ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ተጣሉና «ተወኝ! አልተውህም!» ሲባባሉ ሰማን። እኛ ወላጆች ከማገላገል ይልቅ በመስኮት ቆመን አዳመጥን። ጠብ በአማርኛ እንዲህ እንደሚጣፍጥ ማን ያውቅ ነበር!

ተአምር ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። ልጆቹ ወደ ቤት ስንመለስ አውራ ጎዳናው ላይ ሳንወጣ ወደ እንግሊዝኛቸው ገብተዋል። በአምስት ቀን ዐሥር ዓመት አይገለበጥም። ልጄ አሁን ጎረምሳ ሆናለች፤ አማርኛዋ ዛሬም ይሰባበራል፣ ወንዱንና ሴቱን ዛሬም ታምታታለች። ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ያቺ በስልክ «ደህና ነኝ» ብላ ትሸሽ የነበረች ልጅ፣ ከአያቷ የምትፈልገው ነገር አላት። ስለ እኔ ልጅነት መጠየቅ ትፈልጋለች፤ እኔ የማልነግራትን እናቴ ትነግራታለች። እሑድ ስልኩን ልቀበል እጄን ስዘረጋ ከወዲያ የእናቴ ድምፅ ይሰማኛል። «ለአባትሽ አትስጪው፣ ገና አልጨረስንም!» ትላታለች።

እንግዲህ የምመክረው ይህን ነው። ትልቅ ድርጅት፣ ሊቀ መንበርና ጸሐፊ እስኪመረጥ አትጠብቁ። እኛ ማኅበር ስናቋቁም ለሁለት መከፈላችን እንደማይቀር ታውቃላችሁ። ሦስትና አራት ቤተሰብ ይበቃል። የአንድ ሳምንት ዕረፍት፣ ሰፋ ያለ ቤት፣ ስልክ መሰብሰቢያ ሞሰብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንግሊዝኛ የማታውቅ አንዲት እናት ወይም አንድ አባት። የእሑዱ የፊደል ትምህርት አይቅር፤ ሀ ሁን ያላወቀ ይህን ጋዜጣ አያነብም። ነገር ግን ፊደሉን የተማረ ልጅ ስኳሩን የሚጠይቅበት ቦታ ካላገኘ ፊደሉ ግድግዳ ላይ ይቀራል።

ጊዜው ደግሞ አጭር ነው። የካምፑን ጣውላ ዛሬም ነገም መግዛት ይቻላል። ቁልፉን ይዘው «ምን ልጄ?» የሚሉትን እናቶች ግን የሚሸጥ ሱቅ የለም። እነሱ ሲያልፉ የልጅ ልጆቻችን እንደ ኖርዌዮቹ ጫካ ገብተው ለአንድ ቁራሽ ዳቦ ስም ገንዘብ ይከፍላሉ። ሳይመሽ፣ እነሱ ሳሉልን እንጠቀምባቸው እላለሁ።

ቸር ይግጠመን።